«ደገኛን ተራራ አያመውም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ከሰሞኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የከረመ አንድ ጽሑፍ ደርሶኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የጻፈው ሰው ተራራ የሚወድ፣ ሰሜን ሸዋን በእግሩ የሚያውቅ መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ወጣቶች ቅዳሜና እሑድን ከመጠጥ ቤት ይልቅ በጓሳና በአቡየ ሜዳ ቢያሳልፉት ይሻላል ይላል፤ በዚህ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ያስቆጣኝ ስለ ከፍታ ሕመም፣ ማለትም ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ስለሚመጣው ሕመም፣ የጻፈው ክፍል ነው። በአጭሩ የሚለው ይህን ነው፦ የከፍታ ሕመም ከባሕር ጠረፍ የሚመጡ የውጭ ሰዎች በሽታ ነው፣ ደገኛን አይነካም፤ በየቀኑ ስንትና ስንት መንገደኛ ጣርማ በርን ያቋርጣል፣ የታመመ ግን አልተሰማም፤ ጠንካራ እግርና ደህና ሳንባ ያለው ሰው የሚፈራው ነገር የለም፤ ተራራ ላይ የሚመጣ ራስ ምታት ምች፣ ብርድ ወይም ረኃብ ስለሆነ አንድ መለኪያ አረቄ ጠጥቶ መተኛት ነው፤ ቢብስም ኪኒን አለ። ማሰሪያው ደግሞ ለራስ ምታት ተብሎ ከመንገድ አይመለስም የሚል ነው።

እኔ መንዝ ተወልጄ ደብረ ብርሃን የምኖር ሰው ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። ለዓመታት ግን ወጣቶች ይዤ ተራራ ስወጣ ቆይቻለሁ፤ አንድ ሌሊት ያየሁት ነገር ደግሞ ይህን ጉዳይ ተቀምጬ እንድማር አስገድዶኛል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

ከጣርማ በር ልጀምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያሳምነው ይህ ነው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ መሆኑ እውነት ነው። አውቶቡሱ ዋሻውን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ተሳፋሪው ጆሮው ተደፍኖ፣ አንዳንዱም አስመልሶት ነው። ጆሮ የሚደፍነው የአየር ግፊቱ በድንገት ስለሚለዋወጥ ነው፤ የሚያስመልሰው ጠመዝማዛው መንገድ ነው። ሁለቱም የከፍታ ሕመም አይደሉም። የከፍታ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከፍ ያለ ቦታ ከደረሱ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ሰውነት እስኪራብ ጊዜ እንደሚፈልግ ሁሉ፣ በኦክስጅን ማነስ እስኪታመምም ጊዜ ይፈልጋል። ተሳፋሪው በዚያ ሰዓት ሸዋ ሮቢት ወርዶ እራቱን በልቶ ተኝቷል። ጣርማ በርን ማቋረጥና ጓሳ ላይ ማደር የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ጽሑፉ ግን አንድ አድርጎ ቆጥሯቸዋል። ተራራ ላይ ወሳኙ ነገር ቀን የት ደረስክ ሳይሆን ሌሊት የት ተኛህ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አየሩ አንድ ነገር ልበል። «ላይ ኦክስጅን የለም» ሲባል እንሰማለን። ከአየሩ ውስጥ የኦክስጅን ድርሻ ሸዋ ሮቢትም ራስ ዳሽንም ላይ ያው 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው መጠን ያንሳል። 4,000 ሜትር ላይ ግፊቱ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ወደ 60 በመቶ ገደማ ይወርዳል። አቡየ ሜዳ ደግሞ ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋ ነው። ስለዚህ «እኛ ጋ ለበሽታ የሚያበቃ ተራራ የለም» ማለት አይቻልም። ሕመሙ ከ2,500 ሜትር ጀምሮ ሊታይ ይችላል፤ የጓሳ ጥብቅ ስፍራ ከሞላ ጎደል ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ደገኛን አይነካም ወደሚለው። ይህ ነገር ግማሽ እውነት ስላለበት ነው አደገኛ የሆነው። የደጋ ሰው ሰውነት የተለየ መሆኑ በሳይንስ የታየ ነገር ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ የነዋሪዎቹ ደም ውስጥ ያለው የሄሞግሎቢን (ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ክፍል) መጠንም ሆነ የኦክስጅን ሙሌቱ በባሕር ወለል ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ሆኖ አግኝተውታል። የኦክስጅን ሙሌታቸው በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር። በዚያ ከፍታ ይህ የሚያስገርም ነው። የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ሰውነት ችግሩን የሚወጣው ደሙን በማወፈር ነው፤ የእኛዎቹ በሌላ መንገድ ነው የተላመዱት። ለትውልድ ትውልድ እዚያው የኖረ ሕዝብ ስጦታ ነው፣ ልንኮራበትም ይገባል።

ነገር ግን ጥናቱ የተሠራው እዚያው ተወልደው እዚያው በሚኖሩ ሰዎች ላይ ነው። ወደ ጓሳ የሚመጣው ሁሉ እንዲህ ነው ወይ? ሰሜን ሸዋ እኮ ደጋ ብቻ አይደለም። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ ጠዋት ተነስቶ በደብረ ሲና፣ በጣርማ በር፣ በሞላሌ አድርጎ ማታ ጓሳ የሚያድር ወጣት በአንድ ቀን 2,000 ሜትር ያህል ወጣ ማለት ነው። የተወለደው ሰሜን ሸዋ ስለሆነ ሳንባው አይታለልም። የአዲስ አበባውም ልጅ 2,355 ሜትር ላይ ስለሚኖር ከድሬዳዋው ይሻላል እንጂ ነፃ አይደለም። እናቱ የመንዝ ሰው መሆኗም ለብቻው ዋስትና አይሆነውም።

የባሰ የሚያሳስበኝ ደግሞ ቆላ ወርዶ ወይም ባሕር ማዶ ኖሮ የሚመለሰው የደጋ ልጅ ነው። የተላመደ ሰውነት በሳምንታት ውስጥ መላመዱን ይተዋል። በፔሩ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች፣ ከሁሉም በላይ ልጆች፣ ወደ ቆላ ወርደው ቆይተው ወደ ገዛ ቤታቸው ሲመለሱ ሳንባቸው ውኃ እንደሚቋጥር ሐኪሞች ከመዘገቡ ብዙ ዘመን ሆኗል። በተወለዱበት ቤት፣ በገዛ አልጋቸው! ለዓመት በዓል ከጅቡቲ ወይም ከዓረብ አገር ወደ መሐል ሜዳ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ ይህን ልብ በሉ። ተቀብላችሁ በነጋታው ወደ ተራራ አትውሰዱት። ሁለት ሦስት ቀን ቤት ይቆይ፣ ዘመድ ይጠይቅ።

ስለ ጠንካራ እግር የተባለው አጭር መልስ ነው የሚበቃው። ጽሑፉ የጫጫዋን ልጅ ጌጤ ዋሚን ያነሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ሴቪሊያ ላይ የ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችውን። ጌጤ ስታድግ የለመደችው የጫጫን የደጋ አየር ነው። ስፖርተኝነት ራሱ ከከፍታ ሕመም አይከላከልም። እንዲያውም ጠንካራው ሰው ፈጥኖ ይወጣል፣ ፈጥኖ በመውጣቱም ይታመማል። ወፍራሙ፣ ቀስ ብሎ እያረፈ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ደህና ሲሆን ፊት ፊት ሲሮጥ የነበረው ማታ ራሱን ይዞ ሲቀመጥ አይቻለሁ።

ራስ ምታቱ ምች ነው፣ ብርድ ነው፣ ረኃብ ነው የሚለው ላይ ግን ረዘም ላድርግ፤ ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነውና።

ከዓመታት በፊት ከደብረ ብርሃን ተነስተን ስምንት ሆነን ራስ ዳሽን ለመውጣት ሄድን። ከመካከላችን አንዱ የሸዋ ሮቢት ልጅ ነበር፤ ኳስ ተጫዋች፣ ከሁላችንም ጉልበታም። ጎንደር አድረን በነጋታው በመኪና ደባርቅን አልፈን በቀጥታ ጨነቅ ገባን። ጨነቅ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው። ይህ የመጀመሪያው ጥፋት ነበር፣ ዕቅዱን ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ማታ ልጁ እራት አልበላም። «ምነው?» ስለው «ቡና ስላልጠጣሁ ራሴን አሞኝ ነው ጋሼ» አለኝ። ሁላችንም የምናውቀው ራስ ምታት ስለሆነ ተቀበልኩት። በነጋታው ወደ ቧሂት ስንወጣ ከኋላ ቀረ። ቧሂት 4,430 ሜትር ነው። ስንመለስ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ተጠቅልሎ ተኛ፤ ባናዬን ደረብኩለት።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ኮሽታ ሰምቼ ባትሪ አበራሁ። የድንኳኑ በር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል። ዝም ብዬ አየሁት። የግራውን ጫማ ክር ከቀኙ ጫማ ክር ጋር እያሰረ ነው። ይፈታዋል፣ መልሶ ያንኑ ያደርጋል። «ምን ሆነሃል?» አልኩት። «ምንም አልሆንኩም ጋሼ፣ ደክሞኝ ነው» አለ፤ ምላሱ ግን እንደ ሰካራም ተሳስሯል፤ ጠብታ መጠጥ እንዳልቀመሰ አውቃለሁ። አብሮን የነበረው ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ)፣ ሸምገል ያለ የአካባቢው ሰው፣ ተነስቶ መጣ። ባትሪውን መሬት ላይ አብርቶ «ልጄ፣ በዚህች መስመር ላይ ተረከዝህን ከጣትህ እያገናኘህ ና» አለው። ሁለት ጊዜ ረገጠ፣ በሦስተኛው ወደ ጎን ወደቀ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሮ «ይሄ ብርድ አይደለም። አውርዱት፣ ሳይነጋ» አለኝ።

አወረድነው። ሹፌሩን ቀስቅሰን በዚያ ጨለማ ወደ ደባርቅ፣ 800 ሜትር ያህል ቁልቁል። ሐኪም ቤት ኦክስጅን ተደረገለት፤ ሲነጋጋ የት እንዳለን ጠየቀኝ። አካሄዱ እስኪስተካከል ግን ቀናት ፈጅቷል። በኋላ ሲነግረኝ ራሱን ያመመው ገና የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። ለምን አልነገርከኝም ብለው «የደጋ ልጆች ይስቁብኛል ብዬ» አለኝ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚህች መልስ ነው። «ደገኛን ተራራ አያመውም» የሚል አባባል ሲደጋገም ተራራውን አያቀልለውም፤ የታመመውን ሰው አፉን ያስይዘዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኛ ግን እንዲደብቅ እያሳፈርነው ነው።

ስለዚህ ምልክቶቹን በግልጽ ላስቀምጥ። ቀላሉ የከፍታ ሕመም ዋና ምልክቱ ራስ ምታት ነው፤ ከሱ ጋር ምግብ መጥላት ወይም ማቅለሽለሽ፣ ያለ ልክ መድከም፣ ማዞር ይመጣል። እንቅልፍም ይረበሻል። ማንም ሰው ይህ ሊደርስበት ይችላል፣ ካልተገፋም አንድ ሁለት ቀን እዚያው ሲያርፉ ያልፋል። ሁለተኛው አንጎል ሲያብጥ ነው፤ ያየሁት ይህን ነው። ሰውየው ይንገዳገዳል፣ ይቀባዥራል፣ ጠባዩ ይለወጣል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ካልወረደ በአንድ ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሦስተኛው ሳንባ ውኃ ሲቋጥር ነው፣ በከፍታ ሕመም ከሚሞቱት አብዛኞቹን የሚገድለውም እሱ ነው። ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ሌሊት ገደማ ይመጣል። ምልክቱ ቁጭ ባሉበት ትንፋሽ ማጠር ነው። ዳገት ላይ ማለክለክ የሁሉም ነው፤ ተቀምጦ የሚያለከልክ ግን ታሟል። በደረቅ ሳል ይጀምራል፣ ከንፈርና ጥፍር ይጠቁራል፣ ሲብስ አክታው አረፋማ ሮዝ ይሆናል። ይህኛው ራስ ምታት ሳይቀድመውም ሊመጣ ስለሚችል «ራሴን አላመመኝም» ማለት ነፃ አያወጣም። ጉንፋን ይዞት የወጣና ብርድ ላይ ብዙ የደከመ ሰው የበለጠ ይጠቃል።

ምችና ረኃብስ? ጸሐፊው እንዳለው ተራራ ላይ ራስን የሚያሳምም ብዙ ነገር አለ፤ ይህን አልክድም። ፀሐዩ አለ፣ የውኃ ጥም አለ፣ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ የሚወጣ አለ፣ ቡናው የቀረበት አለ። እንዴት ይለያል? ውኃ ስጡት፣ በሶም ቆሎም ይቅመስ፣ ቡና አፍሉለት፣ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ይዋጥ፣ ጥላ ውስጥ ይረፍ። ከዚህ በኋላ ለቆ ከተነሳ ጥሩ። ካልለቀቀው ግን ስሙን ምች አትበሉት። በከፍታ ላይ የመጣ ሕመም ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ የከፍታ ሕመም ነው ተብሎ ይያዛል። በዚህ ተሳስተን ብንገኝ የሚቀርብን አንድ ጉብታ ነው። ዳማከሴ ጨምቆ ማሽተት የሚከለክለው የለም፣ እናቴም ታደርግልኝ ነበር፤ ብቻ ለመውረድ የሚገባውን ሰዓት አይውሰድብን።

አረቄው ግን ይቅር። የደብረ ብርሃን አረቄ ስሙ የታወቀ ነው፣ ብርድ ላይ ሲጠጡት ያሞቃል። ከፍታ ላይ ሰውነት ራሱን የሚያድነው ፈጠን ፈጠን ብሎ በመተንፈስ ነው፤ በእንቅልፍ ጊዜ ይህ ትንፋሽ በራሱ ይቀንሳል፣ አልኮል ሲጨመርበት ደግሞ ጭራሽ ይዳከማል። የእንቅልፍ ኪኒንም እንደዚሁ። ከዚያም በላይ የሰከረና አንጎሉ ያበጠ ሰው ሁለቱም ስለሚንገዳገዱ ሌሊት ማንን እንደምታወርድ አታውቅም። የጫማውን ክር ሲያምታታ ያየሁት ልጅ ጠጥቶ ቢሆን ኖሮ «ስካሩ ነው» ብዬ መብራቱን አጥፍቼ በተኛሁ ነበር።

ኪኒን አለ የተባለውም እውነት ነው፤ ጽሑፉ የተጠቀመበት መንገድ ነው የተሳሳተው። አሴታዞላማይድ የሚባል መድኃኒት አለ፤ ብዙ ሰው ዲያሞክስ በሚል ስሙ ያውቀዋል። ለመከላከል ለአዋቂ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው 125 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው፣ መውሰድ የሚጀመረውም ከመውጣት በፊት ባለው ቀን ነው። ትንፋሽን በማበርታት መላመድን ያፋጥናል። ጣት ይነዝራል፣ ሽንት ያመላልሳል፤ ይህ አያስደነግጥ። የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማው ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር አይንካው። አንጎል ሲያብጥ ዴክሳሜታዞን፣ ሳንባ ውኃ ሲቋጥር ኒፌዲፒን ይሰጣል፤ እነዚህ የሚያውቅ ሰው እጅ ላይ መሆን አለባቸው። የትኛውም ግን የመውረድ ምትክ አይደለም። ዴክሳሜታዞን ምልክቱን ያስታግሳል፤ ተሻለኝ ብሎ ወደ ላይ የሚቀጥል ሰው መድኃኒቱ ሲያልቅ ራሱን የባሰ ቦታ ያገኘዋል።

አንድ ነገር ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሳው አለ፣ ለእኛ አካባቢ ደግሞ ከሁሉም የሚበልጥ ይመስለኛል። ከሰሜን ተራሮች ይልቅ ከጓሳ መውረድ በአንድ በኩል ይከብዳል። መንዝ አምባ ነው። ከጓሳ ታሞ የተነሳ ሰው በቅርብ የሚያገኛት ከተማ መሐል ሜዳ ናት፤ እሷም ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። ከዚያ በሞላሌ እስከ ጣርማ በር ድረስ መንገዱ እዚያው ከፍታ ላይ ይሄዳል። ቁልቁለቱ የሚገኘው ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ ነው፣ ሰዓታት ከተነዳ በኋላ። ገደሉ ጫፍ ቆሞ ሲያዩት ቆላው እግር ስር ነው፤ በመኪና ግን ሩቅ ነው። ኦክስጅን ያለው ሆስፒታል በመንገድ ላይ ካለ መግባት ግድ ነው፤ ነገር ግን «መሐል ሜዳ ደረስን» ማለትን «ወረድን» ከማለት ጋር አናምታታ። ለዚህ ነው ጓሳ ላይ የሚያድር ቡድን መኪናውንና ሹፌሩን መመለስ የሌለበት። ለዚህም ነው ውሳኔው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን በእራት ሰዓት መሆን ያለበት።

እኔ ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይህ ነው። ከቆላ የመጣ ሰው ካለ የመጀመሪያውን ሌሊት ደብረ ብርሃን፣ 2,800 ሜትር አካባቢ፣ እናድራለን፤ በነጋታው ጓሳ። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አይልም፣ በየሦስት ወይም አራት ቀኑም አንድ ቀን እዚያው እናርፋለን። ቀን ከፍ ብሎ ወጥቶ ማታ ዝቅ ብሎ መተኛት ይረዳል። ማታ ማታ እራት ሲቀርብ እያንዳንዱን በስሙ እየጠራሁ «ራስህን ያምሃል? በላህ? ተነስተህ ተራመድ» እላለሁ፣ ከራሴ ጀምሬ፣ ሁሉም እየሰማ። ሁሉም ሲጠየቅ ማንም አያፍርም። ምልክት ያለበት ሰው ካለበት ቦታ በላይ አይወጣም። እዚያው አርፎ ካልተሻለው ወይም ከባሰበት ይወርዳል፤ የሚንገዳገድ ወይም ተቀምጦ የሚያለከልክ ደግሞ ሳይነጋ ይወርዳል፣ ከሰው ጋር፣ ብቻውን በፍጹም። ከ300 እስከ 1,000 ሜትር መውረድ ብዙውን ጊዜ ለውጥ ያሳያል።

ጸሐፊው ፍርሃት አትንዙ ማለቱን እረዳለሁ። ደብረ ብርሃን ገብቶ ትንሽ ስላለከለከ ብቻ ተመልሶ የሚሄድ እንግዳ አጋጥሞኛል፤ ያ አያስፈልግም። ጓሳ ላይ ጠዋት በጉም ውስጥ ጭላዳዎቹ ከገደሉ ጫፍ ሲወጡ፣ ጂባራው መሐል ቀይ ቀበሮ ሲያልፍ ማየት ማንም እንዲቀርበት አልመኝም። ከጽሑፉ ሌላው ሁሉ ይቆይ። የምለምነው አንድ መስመር እንዲያወጣልን ነው፣ ለራስ ምታት ተብሎ ከመንገድ አይመለስም የምትለዋን። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ያንን ጽሑፍ በስልካቸው ይዘው ከሸዋ ሮቢት፣ ከአጣዬና ከአዲስ አበባ የሚነሱ ልጆች አሉ።